የጎበጠችው መስመር

የሰደበው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሆነ፣ ያኔ በግራ እጁ ምን ይዞ እንደነበር ሳይቀር ፍሪጅ ጠጋኙ ያስታውሳል። የሰደበው የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው። ቀኑም የታናሽ እህታቸው የሠርግ ቀን፤ ሙሽሮቹ ኬኩን ቆርሰው ሳይጨርሱ፣ አዲሶቹ አማቾች በሙሉ ዓይናቸውን መድረኩ ላይ በተከሉበት ሰዓት። ታላቅየው በግራ እጁ ብርጭቆ፣ በቀኙ ማይክራፎን ይዞ ተነሣና ቤተሰቡን አንድ በአንድ ያስተዋውቅ ጀመር። እናቱን አሞገሰ። ሚስቱን አሞገሰ። የሞተውን አባታቸውን እንኳ አሞገሰ። ተራው ጠጋኙ ጋ ሲደርስ ብርጭቆውን ወደ እሱ ቀሰረና፦

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኛ ቤቱ እንቁላል ግን ይኸው ራሱ ተመልጦም ገና አልተፈለፈለም! ቀልድ ዛሬ ብትነግሩት የሚስቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስለዚህ አሁን ካልሳቀ እንዳትቀየሙት!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሙሽራው አባት፣ ጠጋኙን ከዚያ በፊት በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰውዬ፣ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከጠጋኙ ሱቅ አጠገብ የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ጠረጴዛውን በጥፊ ደበደበው። ከሁሉም የሚያንገበግበው ግን እሱ ራሱ አብሮ ፈገግ ማለቱ ነው። ምን ያድርግ? በእህቱ ሠርግ ብርጭቆ አይወረውር! መልሱ የመጣለት ሰው ሁሉ ተበትኖ፣ ወንበሩ ተነባብሮ፣ እሱ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲያዘግም ነው። ጥሩ መልስ ነበረች፤ አጭር፣ እስከ አጥንት የምትዘልቅ። ግን በዚያ ሰዓት ለማን ይናገራት? ለመብራት ምሰሶ? ከዚያ ወዲህ ያችን መልስ እንደ ቢላዋ ሲስላት ኖረ፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ሊመዛት።

ስሙ ግን በዚያው ቀረ። ሠፈሩ በሙሉ «ፍሪጄን እንቁላል ጋ ውሰዱልኝ» ይል ጀመር። ፀጉር አስተካካዩማ ደንበኛ ባገኘ ቁጥር መቀሱን እያንቀጫቀጨ «ታዲያ ፍሪጅ ውስጥ እንቁላል ካልገባ ምን ሊገባ ኖሯል?» ይላል። ለመቶኛ ጊዜ ሲናገረው እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማው ሰው ይስቃል።

ከሠርጉ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ተነጋግረው አያውቁም። ሰላምታ ካለ በእናታቸው በኩል ይደርሳል፤ ከሌለም በእናታቸው በኩል ይቀራል።

ታላቅየው ሥራው የወንዝ ውሃ መለካት ነው። ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት አለፍ ሲል፣ በውሃው መካከል በብረት እግሮች ላይ የቆመች ቤት አለች። እዚያ ውሎ እያደረ ውሃው ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደወረደ ይመዘግባል። ሬድዮ የሁለቱም የልጅነት በሽታ ነው፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ይዟቸው ከአንድ አልጋ ያስተኛቸው በሽታ። ታላቅየው በሞርስ፣ በነጥብና በሰረዝ ቋንቋ፣ ሲያወራ ጣቱ እንደ በረዶ ያወርደዋል፤ የሬድዮ ወዳጆች ማኅበር ሲሰበሰብ ሰው ዙሪያውን ከቦ ያዳምጠው ነበር። ጠጋኙ ግን አልሆነለትም። ፈጣኑ ሞርስ ጆሮው ላይ እንደ ተበተነ ጥሬ ነው፤ አንዱን ሲለቅም ሌላው ይንከባለልበታል።

ስለዚህ ወደ ዘገምተኛው ሞርስ ገባ። ዓለም ላይ እንዲህ ያለም ነገር አለ። ኃይሉ እጅግ ጥቂት፣ ትንሿን አምፖል እንኳ የማያበራ፤ ፍጥነቱ ደግሞ ለጉድ ነው። አንዲት ነጥብ እስክታልፍ ሰው ጫማውን አስሮ ይነሣል፤ አንድ ፊደል እስኪሞላ ሻይ ይበርዳል። ጆሮ አይሰማውም። ከሬድዮው ጋር የተገናኘው ኮምፒውተር ነው ጫጫታውን ወደ ሥዕል የሚለውጠው። በኮምፒውተሩ ጥቁር መስታወት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ አጭር ከሆነች ነጥብ፣ ረዘም ካለች ሰረዝ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ምንም የለም ብሎ ይዘጋዋል። ትዕግሥት ያለው ከባሕር ማዶ የተላከ የማያውቀውን ሰው ምልክት ያያል። ጠጋኙ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጥነውን ፍጥነት አገኘ።

ታላቅየው ይህን ሲሰማ ዝም አላለም። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ «የእሱ መስመር ሁልጊዜ የሚጎብጠው ሰውየው ራሱ ጎባጣ ስለሆነ ነው» አለ። ያም ሳይውል ሳያድር ጠጋኙ ጆሮ ደረሰ። ነገሩ እውነትነት ነበረው፤ የሬድዮ ልብ ክሪስታል የምትባል ትንሽ ድንጋይ ናት፤ ስትሞቅና ስትበርድ ድምጿ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ያኔ መስመሩ ይጎብጣል። የጠጋኙ ሱቅ ደግሞ ብየዳ ሲበየድበት የሚውል የቆርቆሮ ቤት ነው። እልህ ያዘውና ሬድዮውን የማይሠራ ፍሪዘር ሆድ ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ገጠመበት። ቅዝቃዜውን ባይሰጥም ሙቀት አያስገባም። ፀጉር አስተካካዩ ሊያይ መጣ። «ሰው ሥጋ ያቀዘቅዛል፤ አንተ ወሬ ታቀዘቅዛለህ» አለው።

አንድ ቀን በጥቁሩ መስታወት ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለች። ፊደሎቹን ሲያነባቸው የወንዙ ቤት መጠሪያ ናቸው። ታላቅየው ለካ ከጣሪያው ላይ ትንሽ መላኪያ ሰቅሏል፤ በፀሐይ የምትሞላ ባትሪ ያላት፣ ያንኑ መጠሪያ ቀን ከሌት በራሷ እየደጋገመች የምትልክ። ለምን ሰቀላት? «ይሄማ ለእኔም አያቅተኝም» ለማለት ይሆናል። ጠጋኙ እንዲያ ነው የተረዳው። ለማንም አልተናገረም። መስመሯን ግን ከመስታወቱ አላጠፋትም። ወንድሙን አያናግረውም፤ ሲያየው ግን ይውላል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ኮምፒውተሩን አብርቶ እሷ መኖሯን ሳያረጋግጥ መፍቻ አያነሣም።

ወንዙ የሞላው በዝናቡ ወር መጨረሻ ነው። ከላይ አገር የወረደው ውሃ ግንድ፣ አጥር፣ የእንስሳት በረት ሳይቀር እያንከባለለ መጣ። የስልኩ ማማ ወደቀ። ጠዋት ጠጋኙ ሱቁን እንደከፈተ እናቱ ነጠላ ጫማ በአንድ እግሯ ብቻ አድርጋ ደረሰች፤ ከኋላዋ የታላቅየው ሚስት። ከእነሱ ኋላ ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባዋ አለቃ፣ ሬድዮ ያለው ሰው አለ ሲሉት ሰምቶ።

ኮምፒውተሩ በራ። መስመሯ አለች። አጭር፣ ረዥም፣ አጭር።

«ይቺ የማን ናት?» አለ አለቃው።

«የወንዙ ቤት።»

እናትየው ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ተመስገን! ልጄ አለ! ይኸው እያወራ ነው!»

«እሱ አይደለም እማዬ» አለ ጠጋኙ። «ባትሪው ነው። ማሽኗ በራሷ ነው የምትልከው። ሰው ኖረ አልኖረ ግድ የላትም። ሬሳ አጠገብም ሆና ትልካለች።»

ሬሳ የምትለዋ ቃል ከአፉ እንደወጣች የታላቅየው ሚስት አየችው። በዓለም ላይ እንቁላል ብላ ጠርታው የማታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ «ወንድምዬ» ነው የምትለው። አሁን ግን ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች።

አለቃው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲያው ሰው መኖሩን አታሳይም ማለት ነው?»

«አታሳይም።»

«ጥሩ። ጀልባዬ አንድ ናት። አሸዋ አውጪዎቹ ጣሪያ ላይ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ ነው፤ በዓይን ይታያሉ። ወደሚታየው እሄዳለሁ።» ሄደ።

ጠጋኙ የተናገረው እውነት ነው። አንድም ውሸት የለበትም። ግን አንዳንድ እውነት አለ፣ ሲናገሩት ምላስ ላይ የሚጣፍጥ፤ ያቺ የጠዋት እውነት ጣፍጣው ነበር። ለዚህም ነው ቀና ብሎ እናቱን ማየት ያቃተው።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ጠጋኙ ከአንድ አሮጌ መኪና የፈታውን ባትሪ ጎትቶ ኮምፒውተሩንና ሬድዮውን አገናኘ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ጎረቤት ሁሉ ወደ ሱቁ ጎረፈ። ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛው ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተከትሎት መጣ። ሁሉም በመስታወቱ ላይ ተደፉ። ቀትር ላይ መስመሯ ቀስ ብላ ወደ ታች ዘነበለች። ጎበጠች።

ጠጋኙ ፊቱ ቀላ። ይኸው፤ በሰው ሁሉ ፊት! «ውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። «ሙቀታችሁ ነው! ትንፋሻችሁ ነው ያሞቀብኝ!»

«እኛ ደግሞ ምን አደረግን፣ ትንፋሻችንን እንዋጥ እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ እየተገፋ።

«ውጣ አልኩህ!»

ሁሉንም አስወጣና በሩን ገጠመ። እናቱና የታላቅየው ሚስት ብቻ ቀሩ። የፍሪዘሩን ክዳን ጫን አደረገው፤ በላዩ ብርድ ልብስ ደረበ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ካርቶን። መስመሯ ቀና አለች። እፎይ ሳይል እንደገና ጎበጠች። ኮምፒውተሩ ላይ መንሸራተትን የሚያቃና አንድ ቁልፍ አለ፤ መስመር መርጠህ ትጫነዋለህ፣ ኮምፒውተሩ ያንን መስመር ቀጥ አድርጎ ይይዝልሃል። ጠጋኙ ይህን ቁልፍ የሚጠቀምበት በሐፍረት ነው፤ ነጭ ፀጉሩን በድብቅ እንደሚያጠቁር ሰው። ተጫነው። የወንድሙ መስመር ቀጥ አለች። «አሁን ሆነ» አለ ለራሱ፤ ላቡን ጠረገ፣ ባትሪውን ነካ ነካ አደረገ፣ እንዲያ ሲል ብዙ ቆየ። ውጭ ዝናቡ ያባራና ይመለሳል።

«ወንድምዬ» አለች የታላቅየው ሚስት።

«አቤት እትዬ።»

«ይቺ ከላይ ያለችው የማን ናት?»

«የሩቅ ሰው ናት። ከባሕር ማዶ። አላውቀውም።»

«ጠዋት ቀጥ ያለች ነበረች።»

«እና?»

«ይኸው ጎበጠች እኮ። ያችን ስታቃና ይቺ ጎበጠች። ያችኛዋ ወደ ታች ነበር የጎበጠችው፤ ይቺ ደግሞ ወደ ላይ።»

ጠጋኙ አየ። አሁንም አየ። ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ሲገባው ግን ከእግሩ ጥፍር ጀምሮ ነው የሚገባው። ክፍሉ ሞቆ ቢሆን፣ ጥፋቱ የእሱ ሬድዮ ቢሆን፣ ሁለቱም መስመሮች እኩል በጎበጡ ነበር፤ ሁለቱም የሚገቡት በአንድ ሬድዮ ነዋ። አንዷ ብቻ ከጎበጠች ጉብጠቱ ከላኪው ነው። እሱ ግን የሰው መስመር እያቃና ግማሽ ቀን ሊፈጅ ነው። አንድ ሰው ከሩቅ እጁን ሲያወዛውዝለት እሱ መጋረጃ ይጋርድበታል።

ቁልፉን አጠፋውና ሥዕሉን ወደ ኋላ መለሰው። ከቀትር ጀምሮ፦ ጎበጥ፣ ቀና። ጎበጥ፣ ቀና። ጎበጥ፣ ቀና።

ያኔ ነው የልጅነት ነገር ትዝ ያለው። የመጀመሪያዋን መላኪያ ሁለቱ ሆነው ከተጣለ ሬድዮ ሲሠሩ ታላቅየው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይቀመጥ ነበር፤ ጠጋኙ ደግሞ ክሪስታሏን በጡጫው ይዞ። «ጨብጥ!» ይላል ታላቅየው። ሲጨብጣት ትሞቅና ድምጿ ወደ ታች ይንሸራተታል። «ልቀቅ!» ይላል። ሲለቃት ትበርድና ትመለሳለች። ታላቅየው ከወንበሩ እስኪወድቅ ይስቅ ነበር። ያ ሳቅ በማንም ላይ አልነበረም።

ጠጋኙ ያችን የወንዝ ቤት መላኪያ በደንብ ያውቃታል። ሳይጣሉ በፊት፣ ገና ጣሪያ ላይ ሳትሰቀል፣ ታላቅየው ሲሠራት አይቷታል፤ ሳጥኗ በሬንጅ የታሸገ፣ ክሪስታሏ ያለችባት ቆርቆሮ ብቻ ከሥር ወጣ ያለች። «ልቡን ውጭ አንጠልጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ በሆዱ ያማው ነበር። አሁን ግን ውሃው ቤቱን ሞልቶ ሰውየውን ጣሪያ ላይ አውጥቶታል። ሳጥኑ አይከፈትለትም። የባትሪውን ሽቦ ቢበጥስ መስመሯ ትጠፋለች፤ መስመሯ ከጠፋች ደግሞ ሞተ ይሉታል። የቀረችው ያቺ ቆርቆሮ ብቻ ናት፤ በእጅ ሙቀት የምትናገር።

«ጋሼ ነው» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነበት። ከሠርጉ ወዲህ ወንድሙን ጋሼ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ምን አልክ ልጄ?» እናትየው ተነሣች።

«ጋሼ ነው እማዬ። እጁ ነው። እየጨበጠ እየለቀቀ ነው።»

እናትየው ወደ መስታወቱ ተጠግታ ያቺን ጉብጠት በጣቷ ዳሰሰቻት፤ እንደ ልጅ ግንባር። የታላቅየው ሚስት ግን ዓይኗን አላነሣችም። «የመጀመሪያዋ ጥልቅ ነበረች» አለች። «ይቺ የአሁኗ አነሰች። ለምን አነሰች?»

ሌላ ሰው ባያውቅ ፍሪጅ ጠጋኝ ያውቃል። ሙቀት ሲያልቅ እንዴት እንደሚያልቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው ኖሯል። የእያንዳንዷ ጉብጠት ጥልቀት በወንድሙ እጅ የቀረው ሙቀት ነው።

«እየበረደው ነው እትዬ» አለና ኮቱን አንሥቶ ሮጠ።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ አለቃው አሸዋ አውጪዎቹን አውርዶ ጀልባዋን እያሰረ ነው። ጀልባተኞቹ በድካም ድንጋይ ላይ ተዘርረዋል። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ ደፍቆ፣ እንደ ተቆጣ ከብት እያጓራ ያልፋል።

«አለቃ! ሰው አለ። ወንድሜ አለ!»

አለቃው ገመዱን እንደያዘ ዞረ። «ጠዋት ባትሪ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ሬሳ አጠገብም ሆና ትልካለች ያልከኝ አንተው አይደለህም?»

«ነኝ አልኩ እኮ!»

ተከትሎት የመጣው ፀጉር አስተካካይ እያለከለከም አፉ አላረፈም። «አለቃ አይፍረዱበት፤ የጠዋቱ የሚገባው ከሰዓት ነው፤ የከሰዓቱ ነገ ይገባዋል።» ጀልባተኞቹ ሳቁ።

ጠጋኙ ፀጉር አስተካካዩን በክርኑ ገፍቶ አለቃው ፊት ቆመ። «ተሳስቻለሁ» አለ። «መስመሯ ስትጎብጥ የእኔ ሬድዮ ጥፋት መስሎኝ ሳቃናት ዋልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውየው ግን አለ፤ እጁም እየበረደ ነው።»

አለቃው አየው። ከዚያ ወንዙን አየ፤ ከዚያ ዘቅዘቅ ያለችውን ፀሐይ። «እኔ የአንተን መስመር አላውቅም፤ ብትቀና ብትጎብጥ ለእኔ ያው ናት። ግን ዛሬ ስንቱ ልክ ነኝ እያለ ሲጮህብኝ ውሏል መሰለህ፤ ተሳስቻለሁ ብሎ ሮጦ የመጣ አንተ ብቻ ነህ።» ከወገቡ አንድ የእጅ ሬድዮ ፈትቶ ሰጠው። «ስማኝ። ግንድ እየወረደ ነው። እነዚህ ልጆች እናት አላቸው። ለሕያው ሰው ስል ወደ አደጋ እሰዳቸዋለሁ፤ ለሬሳ ግን አልሰዳቸውም። ወደ መስመርህ ተመለስ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እጠይቅሃለሁ። እየተንቀሳቀሰች ከሆነ እንቀጥላለን። ከቀናች ከዚያው እንመለሳለን። እውነቱን ልትነግረኝ ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት» አለ ጠጋኙ።

ተመልሶ መስታወቱ ፊት ተቀመጠ። እናቱ ከጎኑ፣ የታላቅየው ሚስት ከኋላው ቆማ። መስመሯ በጥቂቱ ጎበጠች፤ ጥልቀቷ የጥፍር ያህል። ቀና አለች። ጎበጥ ለማለት ጀመረች፣ ተወችው። ቀጥ አለች። ነጥቦቹና ሰረዞቹ እንደ ጠዋቱ በእኩል ርቀት ተደርድረው ማለፍ ቀጠሉ፤ አጭር፣ ረዥም፣ አጭር፤ ሰው ኖረ አልኖረ ግድ የሌላቸው።

«ጨብጥ» አለ ጠጋኙ በሹክሹክታ። «ጋሼ፣ ጨብጥ።»

መስመሯ ቀጥ እንዳለች ናት።

የእጅ ሬድዮው ተንኮሻኮሸ። «ጠጋኝ፣ ጠጋኝ፣ ይሰማል? መታጠፊያው ጋ ነን። ግንዱ በዝቷል፣ አንዱን ልጅ ግንባሩን መትቶታል። መስመርህ እንዴት ናት?»

ጠጋኙ ሬድዮውን አነሣ። የመናገሪያውን ቁልፍ ግን አልተጫነም።

ቀናች ቢል ማንም አይወቅሰውም። እውነት ነዋ! ጠዋትም እውነት ነበር የተናገረው። በእናቱ ነፍስ ምሏል፤ እናቱም ይችው አጠገቡ፣ አንድ እግሯ ባዶ። ጀልባዋ ላይ ያሉት ልጆችም እናት አላቸው። ያቺ እጅ ደንዝዛ ይሆናል፣ ሰውየው ተኝቶ ይሆናል፣ ውሃው ወስዶትም ይሆናል፤ መስመሯ ለሦስቱም አንድ ናት። ደግሞስ ለማን ብሎ? ብርጭቆውን ቀስሮ በሰው ሁሉ ፊት ስም ላወጣለት ሰው?

«ጠጋኝ! ይሰማል? ልመለስ ወይስ ልቀጥል?»

«ጎብጣለች» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጎብጣለች አልኩህ! ሂዱ!»

እናትየው «ተመስገን» አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የታላቅየው ሚስት መስታወቱን አየች፤ እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ ያለችውን መስመር አየች። ከዚያ ጠጋኙን አየች። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ አላለፈም። መስመሯ አንድም ጊዜ አልጎበጠችም። ጠጋኙ በሆዱ የጀልባዋን ልጆች ገጽታ አንድ በአንድ እያነሣ፣ ለእያንዳንዳቸው እናት ምን ብሎ እንደሚናገር ያሰላ ነበር። በመጨረሻ የእጅ ሬድዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ።

«አገኘነው። ሕይወት አለው። ራሱን በቀበቶ ከምሰሶው ጋር አስሮ ነው ያገኘነው። እየመጣን ነው።»

ጠጋኙ፣ እናቱና የታላቅየው ሚስት ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግማሽ ከተማ ተሰብስቧል። ታላቅየውን በቃሬዛ ላይ፣ በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጡት። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው፤ ጢሙ ላይ ጭቃ ደርቋል። እናቱ አገላብጣ ሳመችው፤ ሚስቱ እግሩን ያዘች። እሱ ግን አንገቱን አስግጎ በሰው መሐል የሚፈልገውን ፈለገ፣ አገኘም።

«እንቁላል!» አለ በተሰባበረ ድምፅ። «ና እስቲ ወዲህ፣ የእኔ እንቁላል!»

ጠጋኙ ቀረበ።

«ከቀትር ጀምሮ እኮ ነው የጨበጥኩት! ስጨብጥ ስለቅ፣ ስጨብጥ ስለቅ... እስኪገባህ ድረስ ጢሜ አደገ!»

ሰዉ ሳቀ። የጭንቅ ሳቅ፣ የእፎይታ ሳቅ፤ ግን ሳቅ ነው። ታላቅየውም አብሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ቆዩ፣ ዋናውን ልንገራችሁ» አለ እየተንቀጠቀጠ። «በመጨረሻ እጄ ደነዘዘ። ለቀቅኩት። የጀልባዋ ድምፅ እንኳ ገና አልተሰማኝም ነበር። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። አሁን አለቃ ሲነግረኝ ለካ መስመሯ ከቀናች ሊመለሱ ተማምለው ነው የመጡት! እሱ ግን ይኸውላችሁ፣ ስትጎብጥ አላየ፣ ስትቀና አላየ! ሰው በፈጣን ወንድም ይድናል፤ እኔን ያዳነኝ የእንቁላሉ መዘግየት ነው!»

አሁን ሰዉ ከልቡ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ያልሳቁት ሦስት ናቸው። የታላቅየው ሚስት አልሳቀችም። ግንባሩን በጨርቅ ያሰረው ጀልባተኛ አልሳቀም። አለቃውም አልሳቀም፤ ወደ ጠጋኙ አንድ እርምጃ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ቀንታ ነበር እንዴ? ስጠይቅህ?» አለ። «አላየህም... ወይስ አይተህ ነው?»

አጠገባቸው ያሉት ሁሉ መልሱን ሊሰሙ ጠጋ አሉ።

አየሁ ቢል በእናቱ ነፍስ ምሎ የዋሸ፣ የሰው ልጆችን ለማያውቀው ነገር ወደ ውሃ የሰደደ ሰው ነው። አላየሁም ቢል ወንድሙ ልክ ነው፤ እንቁላል ነው፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ። ያቺ የሠርጉ ቀን መልስም ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች፤ የተሳለች፣ የምታበራ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ቆሞላት።

ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ እጅ ወደ እሱ ተዘርግታ ነበር፤ ነጭ፣ የተጨማደደች። ጠጋኙ ያዛት። ምን ያህል እንደቀዘቀዘች አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በሁለት እጁ ጨብጦ ጥቂት አቆያት፤ ከዚያ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብቶ ጫፉን ጠቀጠቀላት። የእጅ ሬድዮውን ለአለቃው መለሰ። የኮቱን አንገት ወደ ላይ አደረገ፣ ዞረና ሰዉን በትከሻው እየከፈለ ሄደ።

«መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይልክላችኋል!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላው።

ሳቁ እስከ መንገዱ ጫፍ ተከተለው። ጠጋኙ አልዞረም።